ለባሌ አስጎብኚና ለኮሎራዶ አዳኝ የሚሆን ባይኖኩላር፦ በ300 ዶላር ምን ይገዛል?

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ዲንሾ ላይ በአስጎብኚነት ሥራ ጀምሯል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ እዚያ ድረስ የሚመጣው ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘንና ወፍ ለማየት ነው። ቱሪስቱ አንገቱ ላይ ደህና የጦር ሜዳ መነጽር አንጠልጥሎ ይመጣል። ወንድሜ ግን በባዶ ዓይኑ ነው የሚሠራው። "እንግዳው ከእኔ ቀድሞ ካየ እኔ ምን አስጎብኚ ነኝ?" ይለኛል። እውነቱን ነው። ስለዚህ አንድ ደህና ባይኖኩላር ልገዛለት ወስኛለሁ።

እኔ ደግሞ እዚህ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የኤልክ፣ ማለትም የትልቁ የአሜሪካ አጋዘን፣ አደን ልጀምር ነው። የአዳኝ ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ ኮሎራዶ ውስጥ በፈረንጆች ከጥር 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ያለዚያ ፈቃድ አያገኝም። እናም ለራሴም መነጽር ያስፈልገኛል።

ለእያንዳንዱ እስከ 300 ዶላር ማውጣት እችላለሁ። ኢንተርኔት ላይ ስገባ ግን ግራ ተጋባሁ። 8×42 አለ፣ 10×42 አለ፣ 10×25 አለ፣ 12×50 አለ። "100 እጥፍ ያቀርባል" የሚልም አለ፣ ያውም በ40 ዶላር። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ይሻላል ማለት ነው? ለሁለታችን አንድ ዓይነት ይሆናል? ከመነጽሩ ሌላስ ለአደን የግድ የሚያስፈልገኝ ምንድን ነው?

የሰኔቲ መንገድ (ሮቤ)

ወንድሜ፣ እንኳን ልጁን አሰብክለት። እኔም እዚሁ ባሌ ነው የምሠራው።

ለእሱ 8×42 ግዛለት።

ለምን መሰለህ? የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ግን ቀበሮውን 10 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር የእጅህንም መንቀጥቀጥ 10 እጥፍ ያጎላዋል። የሰኔቲ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4377 ይደርሳል። እዚያ ትንሽ ዳገት ወጥተህ ስትቆም ትንፋሽህ ቶሎ አይመለስም። ነፋሱም ይገፋሃል። በ10 ስታይ ምስሉ ይዘላል፣ በ8 ረጋ ይላል። ዝርዝር የሚታይህ ምስሉ ሲረጋ ነው።

ሌላው ስፋቱ ነው። ጥሩ 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 130 ሜትር የሚሆን ስፋት ያሳያል። 10×42 ወደ 110 ነው። ይኸ ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን እንግዳህ "የት አለ? የት አለ?" እያለ ሲጨነቅ ቶሎ ማግኘትና አለማግኘት ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ሲያድን ብቻውን ነው። ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ምንም አይንቀሳቀስም። ቀዩ ጀርባው ከደረቀው ሣር ጋር ይመሳሰልብሃል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ነጩ ጉሮሮው ነው። እሱን ለማግኘት ሜዳውን ቀስ ብለህ መጥረግ አለብህ፤ ለመጥረግ ደግሞ ሰፊ እይታ ያስፈልጋል።

ባሌ ዝናብ አለ፣ ጉም አለ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ስለዚህ ውሃ የማያስገባና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ መሆኑን አረጋግጥ። ያልተሞላ ከሆነ ብርዱ ሲነካው ሌንሱ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ይሸፈናል። ያንን ደግሞ በጨርቅ አትጠርገውም።

የሮኪ አዳኝ (ኮሎራዶ ስፕሪንግስ)

ለወንድምህ በተባለው እስማማለሁ። ለአንተ ግን 10×42 እላለሁ።

የኤልክ አደን አብዛኛው መቀመጥ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከፍ ያለ ቦታ ትይዛለህ፣ ጀርባህን ድንጋይ ላይ ታስደግፋለህ፣ ከዚያ ከማዶ ያለውን ዳገት ታያለህ። ቁጭ ብለህ ክርንህን ጉልበትህ ላይ ካሳረፍክ 10ሩ አይንቀጠቀጥም። ትራይፖድ፣ ያ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ላይ ካሰርከው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አብዛኞቹ 42 ሚሊሜትር መነጽሮች ፊት ለፊት መሃላቸው ላይ ትንሽ ክዳን አላቸው። እሷን ስትፈታ የብሎን ቀዳዳ ታገኛለህ፤ ማያያዣው እዚያ ይገባል። 300 ዶላርህን ሁሉ መነጽር ላይ አትጨርስ። 220 ወይም 230 ዶላር አካባቢ ደህና 10×42 ይገኛል፣ የቀረውን ለማያያዣና ለቀላል ትራይፖድ አድርገው።

አፈላለጉንም ልንገርህ። ሙሉ ኤልክ አትፈልግ። ዛፉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አግድም መስመር ካየህ ጀርባ ሊሆን ይችላል። የሚወዛወዝ ጆሮ ፈልግ። ከጥድ ሥር የሚታይ ገርጣ ያለ የኋላ መቀመጫ ፈልግ። ዳገቱን በሐሳብህ ከፋፍለህ አንዱን ቁራጭ ሳትጨርስ ወደሌላው አትሂድ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርህ። በጠመንጃ ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ ባለው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ አካባቢህን አትመልከት። ስኮፑ የዞረበት ሁሉ አፈሙዙም ዞሯል። ከማዶ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሰው ቢሆንስ? መለየት ያለብህ በባይኖኩላር ነው። ጠመንጃው የሚነሳው እንስሳውን፣ ከኋላው ያለውንም ካወቅህ በኋላ ነው። ኮርሱ ላይ ነግረውሃል፤ እኔም ደገምኩት።

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

እኔ ወፍ ላይ ነው የምሠራው። አዳኙ ስለ 10×42 ያሉት ለተቀመጠ ሰው ልክ ነው። ብርሃኑን ግን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ እሱ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉት። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ነው። 42 ለ10 ደግሞ 4.2። 25 ለ10 ሲካፈል 2.5 ብቻ። ይኸ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ቀትር ላይ የዓይናችን ብሌን ራሱ ጠብቦ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ስለሚሆን ልዩነቱ አይታወቅም። ሱቅ ውስጥም አይታወቅም። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን ብሌናችን ይሰፋል፣ የወጣት ዓይንማ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ይከፈታል። ያኔ 10×25 የያዘ ሰው ጨለማ ነው የሚያየው። 8×42 የያዘው የአጋዘኑን የጎን ነጫጭ መስመሮች ይቆጥራል።

የደጋ አጋዘን ደግሞ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በደንብ የሚወጣው በማለዳና ወደ ማታ ነው። ኤልክም እንደዚያው ነው ሲባል እሰማለሁ። ስለዚህ ኪስ ውስጥ የምትገባዋን ትንሿን መነጽር እንደ ዋና አትግዙ።

ወንድምህ መነጽር ያደርጋል ወይ? እሱን ጠይቀው። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ባይኖኩላሩን ብሌኑ ላይ ማስጠጋት አይችልም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ምስሉ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ርቀት ከ16 ሚሊሜትር ያላነሰ መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ "eye relief" ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ካነሰ በተዘጋ በር ቀዳዳ እንደ ማየት ነው። እሱ ባያደርግ እንኳ እንግዶቹ ያደርጋሉ፣ መነጽሩንም ያውሳቸዋል።

ደግሞ ቅርብ ላይ ምን ያህል እንደሚያጠራ እይ። ዲንሾ ግቢ ውስጥ ያቺ ሰው የማትፈራዋ ቡናማ የውሃ ዳር ወፍ፣ የሩዤ ሬይል የሚሏት፣ ጥቂት ሜትር ላይ ትመጣለች። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለችም። ለእሷ ሲል ብቻ የመጣ እንግዳ አለ። ከ2 ሜትር ጀምሮ የሚያጠራ መነጽር ካለው ላባዋን አንድ በአንድ ያሳያቸዋል።

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኼን የማካፈሉን ነገር ማንም ሱቅ ውስጥ አልነገረኝም። ወንድሜ መነጽር አያደርግም፣ ግን ስለ እንግዶቹ ያልሽው ገብቶኛል።

ያ "100 እጥፍ" የሚለውስ? ደግሞ ሌንሱ ቀይ የሆነ አለ፣ ያብረቀርቃል። ሌሊትም ያሳያል ይላል።

የፒያሳ ካሜራ ጠጋኝ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እሱን ተወው።

ካሜራና መነጽር ስጠግን ነው የኖርኩት። ያ ቀይ ሌንስ ለዓይን ያምራል እንጂ ቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንፀባርቀው የምታየው ነገር ሁሉ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላብሃል። ቀይ ቀበሮን በቀይ ሌንስ ልታይ ነው? ቀዩን እኮ እሱ ነው የሚያጠፋብህ። "100 እጥፍ" የተባለውን በእጅህ ይዘህ ምንም አታይበትም፣ በእውነት 100 ቢሆን ማለቴ ነው። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ራሱ ሐሰት ነው፣ ሲለካ 8 ወይም 10 ይሆናል። ሌሊት ያሳያል የተባለውም የቀን መነጽር ነው፤ የሌሊቱ ሌላ መሣሪያ ነው፣ ባትሪ አለው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

የሌንሱን ጥራት ካርቶኑ ላይ ስታነብ "ሙሉ በሙሉ ባለ ብዙ ቅብ" (fully multi-coated) የሚለውን ፈልግ። ሌንሱ ሁሉ፣ በሁለቱም ፊቱ፣ ከአንድ በላይ ቅብ ተቀብቷል ማለት ነው። "ቅብ አለው" ብቻ ካለ አንዱን ፊት ብቻ ቀብተውትም ሊሆን ይችላል። የፕሪዝሙ፣ ማለትም ውስጥ ሆኖ ብርሃኑን የሚያጥፈው፣ ብርጭቆ ባክ 4 (BaK-4) መሆኑንም እይ። ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፕሪዝሙ ላይ የፌዝ ቅብ (phase coating) ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይደበዝዛል።

ካርቶኑን ካላመንክ ቀላል መፈተኛ አለ። መነጽሩን ከዓይንህ አንድ ክንድ ያህል አርቀህ ወደ ሰማይ አዙረው፣ ፀሐይ ወዳለችበት ግን አታዙረው። ኋላ ሌንሱ ላይ ሁለት የብርሃን ክቦች ታያለህ። ሙሉ ክብ ከሆኑ ጥሩ። ዳር ዳራቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰሉ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው።

ሰላም ለዱር (አዲስ አበባ)

መነጽሩ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን አደኑን ሁላችሁም እንደ ቀላል ነገር ማለፋችሁ ይከብደኛል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ አልቀው ሊጠፉብን ጥቂት የቀረን ሕዝብ ነን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ወደ 500 ብቻ ነው የቀረው። ወንድሙ ለማዳን ይሠራል፣ ታላቁ ለመግደል መሣሪያ ይገዛል። አልታረቀልኝም።

የሮኪ አዳኝ (ኮሎራዶ ስፕሪንግስ)

ሐሳብህን አከብራለሁ። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ያልከው ላይ አንድ ቃል አልጨምርም፤ እነሱ ላይ የሚተኩስ ሰው ወንጀለኛ ነው።

ኤልክ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮሎራዶ ውስጥ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ከየሎውስቶን በባቡር እያመጡ ነው እንደገና ያራቡት። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የኤልክ መንጋ እዚህ ነው። የጥበቃው ገንዘብ በብዛት የሚመጣው ከአዳኞች ፈቃድ ነው። በፈረንጆች ከ1937 ጀምሮም ጠመንጃና ጥይት ሲሸጥ ለዱር እንስሳት የሚውል የፌደራል ግብር ይቆረጣል። ስንት እንስሳ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ቀበሌ እንደሚታደን በየዓመቱ ይወሰናል። ያለ ፈቃድ የገደለ ሰው ጠመንጃውንም የማደን መብቱንም ሊያጣ ይችላል። ሥጋውን ጥሎ መሄድም ወንጀል ነው።

አሁንም አልታረቀልህም ይሆናል፤ መብትህ ነው። ግን ያለ ደህና መነጽር የሚወጣ አዳኝ ነው አደገኛው፤ ሴቷን ከወንዱ፣ ግልገሏን ከእናቷ ሳይለይ ይተኩሳል። አቁስሎ ያጣትና ትሄድበታለች። በዚህ ላይ አንተና እኔ አንድ ነን።

ሰላም ለዱር (አዲስ አበባ)

በመጨረሻው እስማማለሁ። ሌላውን አስብበታለሁ።

የሰኔቲ መንገድ (ሮቤ)

የመነጽር ነገር ለቀበሮዎቹም ይጠቅማል። መነጽር የሌለው አስጎብኚ እንግዳውን ለማስደሰት ሲል እንስሳው ድረስ ይጠጋል። ቀበሮው አደኑን ይተዋል፣ ግልገል ያለው ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ግልገሎቹን ተሸክሞ ቦታ ይቀይራል። መነጽር ያለው ግን መንገዱ ላይ ቆሞ ያሳያል። ከሩቅ የታመመ የሚመስል ቀበሮ ካየም ቶሎ ያሳውቃል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሶብናል።

ሻንጣ ሙሉ (አሌክሳንድሪያ)

ሁላችሁም ስለ ግዢው ታወራላችሁ። እንዴት ነው የሚገባው?

ቦሌ ላይ ባይኖኩላር የተያዘበት መንገደኛ ብዙ ነው። ለወፍ ጉብኝት የመጡ ፈረንጆች ሳይቀሩ እዚያ ትተው ገብተው፣ ሲወጡ የተቀበሉ አሉ። ስለዚህ "ሰው ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ ልጣልለት" ብለህ እንዳትሸወድ። መንገደኛውንም ችግር ውስጥ ትከተዋለህ። ካልሲ ውስጥ ደብቆ ማስገባትማ ጨርሶ አይታሰብም፣ በማሽን ያልፋል፣ መደበቁ ራሱ ጥርጣሬ ነው።

ወንድምህ የሚሠራበት የአስጎብኚዎች ማኅበር ወይም ድርጅት አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍለት። መነጽሩ ለምን ሥራ እንደሆነ፣ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚረከበው ይገለጽ። ከዚያ ከመላክህ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ፤ አሠራሩ ሊቀየር ይችላል። ደረሰኙንም አያይዝ። መንገደኛው ሲደርስ ራሱ ያሳውቅ።

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

ይኼንን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ ደውዬ ደብዳቤውን እንዲጀምር እነግረዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፈልጎ መግዛትስ አይሻልም? አንድ ዘመዳችን ከደርግ ጊዜ የቀረ የሩሲያ መነጽር አለ ብሎኛል።

የፒያሳ ካሜራ ጠጋኝ (አዲስ አበባ)

የሶቪየቶቹ 8×30ዎች ጠንካራ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚሠሩ አሉ። ምስላቸው ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ያ የሌንሱ ጠባይ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ግን ብዙዎቹ ውሃ ያስገባሉ፣ ለሀረና ጫካ እርጥበት አይሆኑም። ካገኘህም እንዲህ አድርገህ ፈትሽ።

የስልክህን መብራት አብራና ከፊት በኩል አስገባ፣ አንተ ከኋላ ተመልከት። ዓይንህን ሳታስጠጋ፣ ራቅ አድርገህ። ሌንሱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። ቅቡን ይበላዋል፣ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። ጥቂት አቧራ ግን አያስፈራም።

ከዚያ ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ተመልከት። ምስሉ ሁለት ሆኖ ከታየህ፣ ወይም አንድ ሆኖም ትንሽ ቆይተህ ግንባርህን ከያዘህ፣ ሁለቱ ቱቦዎች አቅጣጫቸው ተዛንፏል። ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ዓይናችን ራሱን እያስገደደ አንድ ያደርገዋል፣ ራስ ምታቱ ከዚያ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል።

መሃል ያለውን ማጠፊያም ሞክረው። በጣም ላላ ካለ በየደቂቃው ከዓይንህ ስፋት ጋር ማስተካከል ነው ሥራህ።

የእኔ ምክር፦ ለሥራ ከሆነ አዲስ ግዛለት።

በርሊን ነዋሪ (በርሊን)

እዚህ ሰው ሁሉ ስለ ስዋሮቭስኪና ስለ ዛይስ ነው የሚያወራው። እውነት ነው፣ አይቼባቸዋለሁ፣ ልዩ ናቸው። ግን ምርጦቹ ከ2000 ዶላር በላይ ነው የሚወጣባቸው። በ300 እና በ2000 መካከል ያለው የጥራት ልዩነት በ50 እና በ300 መካከል ካለው በጣም ያንሳል። አንተ ባልከው ዋጋ ኒኮን ሞናርክና ቮርቴክስ ዳይመንድባክን ይዤ አይቻለሁ፣ ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ቮርቴክስ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው፣ ደረሰኝ እንኳ አይጠይቅም፤ ወድቆ ቢሰበርም ይጠግኑታል። ችግሩ መነጽሩ ለጥገና ወደ ኩባንያው መላክ አለበት፤ ከዲንሾ ያ ቀላል አይደለም። አንተ ዴንቨር ስላለህ ግን ይሆንልሃል።

12×50 ስለሚለው፦ ከባድ ነው፣ ያለ ትራይፖድ አይያዝም። ለአስጎብኚ አይሆንም።

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ስለ ክብደት ከተነሳ አንድ ልጨምር። 8×42 በአብዛኛው ከ600 እስከ 700 ግራም ነው። ከካርቶኑ የሚወጣው ቀጭን ማንገቻ አንገት ይቆርጣል። የደረት ማንገቻ ግዛለት፣ በትከሻ ተሻግሮ በጀርባ የሚያያዘውን። ሸክሙ ከአንገቱ ላይ ይነሳለታል፣ ሲራመድም መነጽሩ እየተወዛወዘ ድንጋይ አይመታም።

ስፖቲንግ ስኮፕ፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት ትልቁ የሩቅ ማያ፣ ይገዛ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ፣ ለአቢያታ ፍላሚንጎዎች ወይም ጨፌ ዳር ላሉ ወፎች ድንቅ ነው። ግን ቀትር ላይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 60 እጥፍ ብታጎሉት የምታዩት የሚንቀለቀል አየር ነው። ጠዋት ብቻ ነው ቁም ነገር የሚሠራው። ከባይኖኩላር በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፣ ወይም ለማኅበሩ በጋራ የሚገዛ።

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

የደረት ማንገቻው ገብቷል፣ ሁለት እገዛለሁ። አዳኙ ወንድሜ፣ ሌላውን የአደን ዕቃ ንገረኝ እስቲ። ሱቅ ስገባ የማይሸጡት ነገር የለም።

የሮኪ አዳኝ (ኮሎራዶ ስፕሪንግስ)

ለመጀመሪያ ዓመት ብዙ አትግዛ።

የግድ የሆነው ብርቱካናማው ነው። በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች የሚሆን ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ ሕግ ነው። ባርኔጣውም ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ደማቅ መሆን አለበት። ኤልክ ይኼን ቀለም እኛ እንደምናየው አያየውም፣ ሌላው አዳኝ ግን ያያል። በዚህ ላይ አትቆጥብ።

ከዚያ ጫማ። እውነቴን ነው፣ ከስኮፕ በፊት ጫማ። የግንባር መብራት ከመለዋወጫ ባትሪ ጋር። ሥጋ መክተቻ የጥጥ ከረጢት፣ አየር የሚያስገባውን። ኤልክ ትልቅ ነው፣ ሥጋው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ ላስቲክ ውስጥ ካስገባኸው ይበላሻል። የነፋስ መለያ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ዱቄት በሚረጭ ጠርሙስ። ነፋሱ ከአንተ ወደ እሱ ከሄደ ምንም መነጽር አያድንህም።

ርቀት መለኪያው ጥሩ ነው፣ በተለይ ሸለቆ ተሻግረህ ስታይ ዓይን ይሸወዳል። ገንዘብ ካለህ ግዛ። ከሌለህ ግን አጠገብህ ያለው ጓደኛህ አለው፤ አንተ ደግሞ በተለማመድክበት ርቀት ውስጥ ካልሆነ አትተኩስ። ካሜራ፣ ሽታ ማጥፊያ፣ አሥራ አምስት ዓይነት ጩኸት አስመሳይ፣ እነሱን ለሚቀጥለው ዓመት ተዋቸው።

አንድ የኛ ሰው ጉዳይም አለ። ኤልክ ከተገኘ ቤት ውስጥ "ክትፎ ይሁን" የሚል አይጠፋም። የዱር ሥጋ በጥሬው አይበላም። ጥብስ አድርጉት፣ ቅቤና ሮዝመሪ ይስማማዋል።

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

ለክትፎ ዋናው አመልካች እኔ ነበርኩ፣ ተስማማሁ።

ወሰንኩ። ለወንድሜ 8×42፣ ለእኔ 10×42 ከትራይፖድ ማያያዣ ጋር። ደብዳቤው እስኪያልቅ የእሱ እዚህ ይቆያል። ጋሼ፣ እጁ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያድርግ? እዚያ የሚያሳየው ሰው የለም፣ እርስዎ ያሉትን በስልክ ላነብለት ነው።

የፒያሳ ካሜራ ጠጋኝ (አዲስ አበባ)

እንዲህ ብለህ አንብብለት።

መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች እያጠፈ ከዓይኑ ስፋት ጋር ያስማማ፣ አንድ ክብ ብቻ እስኪታየው ድረስ። ቀጥሎ ሩቅ ያለ አንድ ነገር ይምረጥ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ጅባራ ይሁን ድንጋይ። የቀኙን ሌንስ በክዳኑ ይሸፍን፣ ዓይኑን አይጨፍን። በግራው ብቻ እያየ መሃል ያለችውን መዘወሪያ ያዙርና ያጥራ። ከዚያ ግራውን ሸፍኖ በቀኙ ይመልከት። አሁን መሃሉን እንዳይነካ። ቀኝ ዓይን ጋ ያለችውን ቀለበት ብቻ ያዙር፣ እስኪጠራ። ያቺ ዳዮፕተር ትባላለች፣ የሁለቱን ዓይኖቹን ልዩነት የምታስተካክል ናት። ከዜሮ ምልክቱ ስንት ርቃ እንደቆመች ያስታውስ። እንግዳ አውሶ ሲመለስለት ብዙ ጊዜ ተነካክታ ነው የምትመለሰው።

የዓይን መነጽር ለሚያደርግ እንግዳ ዓይን የሚያርፍበትን የጎማ ቀለበት ወደ ታች ይጠምዝዘው፣ ለራሱ ወደ ላይ።

ማጽዳት ላይ፦ በሸሚዝ ጫፍ፣ በነጠላ፣ በጋቢ እንዳይጠርግ። የበጋ አቧራ ውስጡ አሸዋ አለው፣ ሌንሱን ይጭረዋል። መጀመሪያ በትንሿ የጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያርግፍ። ከዚያ እፍ ብሎ በትንፋሹ ያርጥበው፣ በመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ ብሎ ይጥረግ። ጨርቁን በሳሙና ይጠበው፣ ሌላ ነገር አይጥረግበት።

ከብርዱ ሙቅ ቤት ሲገባ ከቦርሳው ቶሎ አያውጣው፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ሀረና ወርዶ ረጥቦ ከተመለሰ ግን ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ አይተወው። ደረቅ ቦታ ላይ ክፍት አድርጎ ያሳድር። ሻጋታ የሚጀምረው ከተዘጋ እርጥበት ነው።

ሌላ ያልገባው ነገር ካለ ይደውልልህ፣ አንተ እዚህ ጻፍልኝ፤ እመልስለታለሁ።